ብርዕና ዕርፍ

ልጆች ሆይ፥ አንዳንድ ተማሪ ፊደል በለየ ማግስት የአባቱን ሞፈርና ቀንበር መሸከም ያፍራል። እጁ ቀለም ከነካ ወዲያ ጭቃ መንካት የማይገባው ይመስለዋል። አባትም አንዳንድ ጊዜ፥ «እኔ አፈር ስገፋ መኖሬ ይበቃል፤ አንተ ተምረህ ከዚህ ውጣ» ይለዋል። አባት ይህን ከፍቅር ቢናገረውም፥ እኔ ስሕተት ነው እላለሁ። ማንበብ የሚችል ሁሉ እርሻን ትቶ ከሄደ፥ አገርን የሚያበላው ሥራ ያለ ትምህርት ይቀራልና።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በአሜሪካ አገር በደቡብ በኩል አላባማ የሚባል ግዛት አለ። በዚያ ጥቍሮች ሰዎች በባርነት ሲገዙ ኖረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1865 ነጻ ወጡ። ነገር ግን አብዛኞቹ ነጻነትን እንጂ መሬትን አላገኙም። ስለዚህ የሌላውን ሰው መሬት በእኩል ያርሱ፥ ዘሩንና ቀለቡንም በዱቤ ይወስዱ ነበር። አበዳሪውም ቶሎ የሚሸጥለትን ጥጥ እንዲዘሩ ይፈልግ ነበር። ጥጥ ግን በየዓመቱ ባንድ መሬት ላይ ሲዘራ መሬቱን ያደክመዋል። መሬቱ ሲደክም ምርቱ ያንሳል፤ ምርቱ ሲያንስ ዕዳው ይበዛል። እንዲህ ሆኖ ከሰንሰለት የተፈታው ሰው ተመልሶ በዕዳ ታሰረ።

በ1881 ቡከር ዋሽንግተን የሚባል፥ እርሱም በባርነት የተወለደ መምህር፥ በዚያው ግዛት ተስኪጊ በምትባል ከተማ ተማሪ ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹ ከንባብ ጋራ እርሻንና የእጅ ሥራን ይማሩ ነበር፤ ከሚማሩበትም ቤት ብዙውን በገዛ እጃቸው ሠሩት። ጡብ መተኰስ በጀመሩ ጊዜ ሦስት ጊዜ ተበላሸባቸው። መምህሩ ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ ሰዓቱን መያዣ አድርጎ ገንዘብ ተበደረ፤ አራተኛውም ሠመረላቸው።

በ1896 ጆርጅ ካርቨር የሚባል የዕፀዋት ሊቅ ወደዚህ ተማሪ ቤት መጣ። እርሱም የደከመውን መሬት አይቶ፥ ጥጥ ብቻ ከመዝራት ይልቅ እያፈራረቁ ለውዝና የአደንጓሬ ወገን የሆነ እህል እንዲዘሩ ገበሬዎችን መከረ። የእነዚህ እህሎች ሥር ከጥቃቅን ሕያዋን ጋራ ሆኖ ናይትሮጂን የሚባለውን የዕፀዋት ምግብ ከአየር ይይዛልና፥ መሬቱን ያጠነክረዋል። ማዳበሪያ ለመግዛት ገንዘብ ላጡትም የጫካ ቅጠልና የረግረግ አፈር ሰብስበው እርሻቸውን እንዲያለብሱ አስተማራቸው። ለድኻው ያዘዘለት መድኀኒት ከደጁ የሚገኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ብዙ ገበሬ ወደ ተማሪ ቤት ለመምጣት ጊዜም ስንቅም አልነበረውም። ስለዚህ በ1906 ማረሻና ዘር፥ የወተት መናጫም የተጫነበት በእንስሳ የሚጎተት ሠረገላ ተሠራ፤ መምህሩም በየመንደሩ እየዞረ ባለቤቱ ቆሞ እያየ በገዛ መሬቱ ላይ ያሳየው ነበር። ገበሬው ወደ ትምህርት መምጣት ቢሳነው፥ ትምህርት ወደ ገበሬው ሄደ ማለት ነው።

ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህ ትምህርት የሁሉን ዕዳ አልሰረዘም። መሬት የሌለው ሰው ቢማርም እንኳ የዘራውን የሚመርጥለት አበዳሪው ነበር። ስለዚህ ዕውቀት ብቻውን ይበቃል አልልም፤ ትክክለኛ ሕግም ያስፈልጋል። ሆኖም ከደጁ ጎመንና ስኳር ድንች የሚለቅም ሰው፥ እነዚያን በዱቤ ከሚወስድ ሰው ይልቅ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኮንሶ ሰዎች ከ400 ዓመት በላይ በደረቅ ተራራ ላይ የድንጋይ እርከን እየካቡ አፈራቸውንና ውሃቸውን ጠብቀው ኖረዋል፤ ይህም ሥራቸው በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በደጋም ገበሬው ከስንዴና ከጤፍ ጋራ ባቄላን፥ ሽምብራንና አተርን እያፈራረቀ መዝራትን ከአባቶቹ ተምሮ ያውቃል። ካርቨር በአላባማ ያስተማረውን፥ የእናንተ አያት በዕርፍ ጫፍ ያውቁት ነበር። እንግዲህ ገበሬ ደንቆሮ ነው የሚል ተማሪ ራሱ ገና አልተማረም።

ነገር ግን የጎደለም አለ። በብዙ ቤት እንጨት ስላለቀ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ኩበት በነደደ ቍጥር የመሬቱ ምግብ አብሮ ይነድዳል። እናታችሁን በዚህ አትውቀሱ፤ ያለ እሳት እንጀራ አይጋገርምና። ይልቅስ በጓሮ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ትከሉ፤ ጕድጓድ ቈፍራችሁ ቅጠሉን፥ አመዱንና የቤቱን ጥራጊ አከማቹ። በበሰበሰም ጊዜ ከአባታችሁ ጥቂት መሬት ለምናችሁ፥ ግማሹን በዚህ አልብሱ፤ ግማሹን እንዲሁ ተዉ። ሁለቱንም ባንድ ቀን ዝሩ፤ በመከርም የሁለቱን ምርት ለይታችሁ ስፈሩና ጻፉ።

ከዚያም በኋላ የጻፋችሁትን ለአባታችሁ በትሕትና አንብቡላቸው። «አባባ፥ እርስዎ አያውቁም» አትበሉ፤ «አባባ፥ ይህን ይዩልኝ» በሉ እንጂ። እርሳቸው የመሬቱን ጠባይ ያውቃሉ፤ እናንተ ደግሞ የተጻፈውን ታነብባላችሁ። ሁለቱ ዕውቀት በተጣመረ ጊዜ፥ እንደ ተጣመሩ በሬዎች ጥልቅ አድርጎ ያርሳል።

አዳም ከመበደሉ አስቀድሞ ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ የታዘዘ ነው። ስለዚህ መሬትን ማበጀት ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። ብርዕ የያዘች እጅ ዕርፍን አትናቅ፤ ዕርፍ የያዘችም እጅ ብርዕን አትፍራ።