መነሻው፣ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ

ፒካፕ ተሳቢ ሲጎትት የሚሠራው ሥራ ሦስት ነው፤ ጭነቱን ከቆመበት ማስነሳት፣ ዳገቱን ፍጥነት ሳይጥል መውጣት፣ ቁልቁለቱን ጭነቱ ሳያመልጠው መውረድ። ሐዋሳ ላይ ከአሞራ ገደል የሐይቅ ዳርቻ አንድ ጀልባ ጎትቶ አዲስ አበባ የሚያደርስ መኪና በሦስቱም በተራ ይፈተናል። መነሻውን የሚወስነው የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይልና የጎማው መሬት አያያዝ ነው፤ ዳገቱን የፈረስ ጉልበቱ፣ ቁልቁለቱን ደግሞ ፍሬኑ። ሻጭ የሚያድለው ወረቀት ግን ነገሩን ሁሉ በሁለት ቁጥር ይጨርሰዋል፤ በፈረስ ጉልበትና በመጎተት አቅም። የሃይሉክስና የዲማክስ፣ የሬንጀርና የኤል 200 ክርክር ማለቂያ ያጣው፣ አንዱ ስለ ዳገት ሌላው ስለ መነሻ እያወራ ሁለቱም ያንኑ ቁጥር ስለሚጠሩ ነው።

ቶርክ የሚባለው የመጠምዘዝ ኃይል ጎማ ሲፈታ በግልጽ ይታያል። አንድ ሜትር በሚረዝም የጎማ መፍቻ ጫፍ ላይ 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢቆም፣ ብሎኑ ላይ የሚያርፈው ኃይል 490 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ብሎኑ ዝጎ አልንቀሳቀስ ቢልም ኃይሉ አለ። የፈረስ ጉልበት ግን ያለ እንቅስቃሴ አይቆጠርም፤ ያ ኃይል በደቂቃ ስንት ዙር እንደዞረ ታይቶ ነው የሚሰላው። ኒውተን ሜትሩ በደቂቃ ዙሩ ተባዝቶ ለ7,000 ገደማ ሲካፈል የፈረስ ጉልበቱ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ሞተር ብዙ የፈረስ ጉልበት የሚያወጣው ወይ አጥብቆ በመጠምዘዝ፣ ወይ በፍጥነት በመዞር ነው። ናፍጣ ሞተር በመጀመሪያው ይታወቃል፤ ለጎታች መኪና የሚመረጠውም ሳይጮኽ፣ በዝቅተኛ ዙር ላይ እያለ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ነው።

ተፎካካሪዎቹን በዚህ መለኪያ ማስተያየት ይቻላል። የቶዮታ ሃይሉክስ 2.8 ሊትር ሞተር ከ2020 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ወዲህ 204 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ቶርኩ በአውቶማቲክ ማርሽ 500 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ በማኑዋል ማርሽ 420 ላይ ይቆማል። 2.4 ሊትሩ 150 የፈረስ ጉልበትና 400 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። የአይሱዙ ዲማክስ 3.0 ሊትር 190 እና 450 ነው። ፎርድ ሬንጀር በባለ ሁለት ቱርቦው 2.0 ሊትር 210 እና 500 ላይ ሲገኝ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 3.0 ሊትር 250 እና 600 ይደርሳል። የሚትሱቢሺ ኤል 200 ባለ 2.4 ሊትር ሞተር 181 እና 430 አለው። አንድ ዓይነት ሞተር እንደሚሸጥበት አገር የነዳጅ ጥራትና የጭስ ሕግ ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ ስለሚስተካከል፣ ከባህር ማዶ ወረቀት ይልቅ የመኪናው ሊብሬ ይታመናል።

ከጫፉ ቁጥር ይልቅ ቁጥሩ የሚገኝበት ዙር ለጎታች ብዙ ይናገራል። ሃይሉክስ 500ውን የሚሰጠው በደቂቃ ከ1,600 እስከ 2,800 ዙር ባለው ስፋት ነው፤ ዲማክስ 450ውን ከ1,600 እስከ 2,600። በ1,600 ዙር ሲሰላ የመጀመሪያው 114፣ ሁለተኛው 102 የፈረስ ጉልበት ያህል ያወጣሉ። ወረቀቱ ላይ የተጻፉት 204 እና 190 የሚገኙት ዙሩ ወደ 3,400 እና 3,600 ሲጠጋ ነው፤ ነጂው በአብዛኛው መንገድ እዚያ አይደርስም።

መነሻው አሞራ ገደል ላይ ነው። ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ከሐይቁ ሲመለሱ፣ ቆሮሶና አምባዛ እዚያው ይገፈፋል፤ አባ ኮዳዎች አንጀቱን ለመልቀም ተሰልፈው ይቆማሉ። እንዲህ ባለ ዳርቻ ጀልባ ለማውጣት ተሳቢው በኋላ ማርሽ ውኃው ውስጥ ይገባል፣ ጀልባው ይጫናል፣ ከዚያ ፒካፑ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ መጎተት ይጀምራል። 2,200 ኪሎ የሚመዝን ፒካፕ ጀልባውን ጨምሮ 1,500 ኪሎ የሆነ ተሳቢ 12 በመቶ በሚያዘነብል ለስላሳ መሬት ላይ ቢስብ፣ የሚያስፈልገው የመሳብ ኃይል 630 ኪሎ ያህል ነው። ይህን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመሥራት የሚፈለገው ጉልበት ከ12 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም። 150 ይሁን 250 እዚህ ልዩነት የለውም።

ልዩነት የሚያመጣው የጎማው አያያዝ ነው። ባዶ ፒካፕ ኋላው ቀላል ነው። በኋላ እግሩ ላይ የሚያርፈው የራሱ ክብደትና የተሳቢው ጫና ተደምሮ አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ ቢሆን፣ እርጥብ አፈር ከዚህ ክብደት 40 በመቶውን ያህል ብቻ ቢይዝለት፣ ሊስብ የሚችለው ከ400 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። 630 ለሚፈልግ ሥራ አይበቃም፤ ጎማው ይሽከረከራል፣ ጭቃ ይረጫል፣ ይቀበራል። ፎር ዊሉ ሲገባ ግን የመኪናው ክብደት በሙሉ ሥራ ላይ ይውላል፤ አቅሙም ከ900 ኪሎ ያልፋል። ዝቅተኛው የፎር ዊል ማርሽ ሲጨመር የሞተሩ ቶርክ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ተባዝቶ ጎማው ላይ ስለሚደርስ ፍሪሲዮን ሳይቃጠል መነሳት ይቻላል። እዚህ ላይ የሞተር መጠንም የራሱን ድርሻ ይይዛል። ቱርቦ አየር ማመቅ የሚጀምረው ጭሱ ሲበረታ ነው፤ ከዚያ በፊት ሞተሩ ቱርቦ እንደሌለው ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ በመነሻዋ ቅጽበት 3.0 ሊትር ከ2.0 ሊትር ይሻላል። ቱርቦ የሌለው የላንድክሩዘር ፒካፕ 4.2 ሊትር ሞተር በ130 የፈረስ ጉልበት ገደማ የጉልበተኛ ስም ያተረፈው ከዚህ የተነሳ ነው።

ዳገቱ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐይቁ 1,700 ሜትር፣ ዋና ከተማዋ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ሰውና ዕቃ ሲጨመር መኪናውና ተሳቢው በአንድነት 4,000 ኪሎ ቢሆኑ፣ 6 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሞተሩ 85 የፈረስ ጉልበት ያህል ማውጣት አለበት። በአገሩ መንገድ ዛሬም የሚታየው የቀድሞው ሃይሉክስ ባለ 2.8 ሊትር፣ ቱርቦ አልባ ሞተር 90 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በወረቀት ሲታይ ይበቃል። ነገር ግን ቁጥሩ የተለካው በባህር ጠለል አየር ነው። ሐዋሳ ላይ አየሩ ከዚያ 18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከ20 በመቶ በላይ። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ በቀነሰ መጠን ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ ከ90ው የሚቀረው 74 ገደማ ነው፤ ፍጥነቱም ወደ 50 ይወርዳል። ቱርቦ ያለው የጎደለውን አየር አምቆ ስለሚመልስ ከቁጥሩ ብዙ አያጣም። የደጋ አገር ገዢ መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ልዩነት በአዲሱ ሃይሉክስና በአዲሱ ዲማክስ መካከል ያለችው የ14 ፈረስ ብልጫ ሳትሆን፣ በቱርቦና በቱርቦ አልባ መካከል ያለው ገደል ነው።

አሜሪካኖች ይህን ክርክር ለመፍታት አንድ ወጥ ፈተና አበጅተዋል። ቀደም ሲል እያንዳንዱ ፋብሪካ የመጎተት አቅሙን በራሱ ዘዴ ለክቶ ያውጅ ነበር። የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2807 የተባለውን መለኪያ ካወጣ በኋላ ቶዮታ በ2011 እ.ኤ.አ. ሞዴሉ ቀድሞ ተቀበለው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በዚህ መለኪያ ፒካፑ ተሳቢውን ይዞ አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም በተባለው 18 ኪሎ ሜትር ዳገት ላይ፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሆኖ፣ ማቀዝቀዣው ተከፍቶ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር ሳይወርድ መውጣት አለበት። የዳገቱ ጫፍ ግን 1,100 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከአሞራ ገደል ዳርቻ በ600 ሜትር ያህል ያንሳል። የአሜሪካው ፈተና የሚያልቅበት ከፍታ ላይ የኢትዮጵያው መንገድ ገና አልጀመረም።

የመጎተት አቅሙ ቁጥር ደግሞ ከሞተሩ ይልቅ ከሕግ ጋር ይዛመዳል። ሃይሉክስ፣ ዲማክስና ሬንጀር ሦስቱም 3,500 ኪሎ፣ በእኛ አቆጣጠር 35 ኩንታል፣ ይጎትታሉ ይባላል። የተለያየ ሞተር ያላቸው መኪናዎች አንድ ቁጥር ላይ የተገናኙት የአውሮፓ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ተሳቢ ጣሪያ ያደረገው 3,500 ኪሎን ስለሆነ ነው። የራሱ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ጣሪያው 750 ኪሎ ብቻ ነው። ሌላም የሚዘነጋ ወሰን አለ፤ የመኪናውና የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት። ጠቅላላው 6,000 ኪሎ የተፈቀደለትና ራሱ 2,150 የሚመዝን ፒካፕ 3,500 ቢጎትት፣ ለሰውና ለጭነት የሚተርፈው 350 ኪሎ ነው። አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲገባ ያ አለቀ። የተሳቢው አሥር በመቶ ያህል ክብደትም በጋንቾው በኩል ባሌስትራው ላይ ስለሚያርፍ ከመኪናው የመጫን አቅም ይቀነሳል።

ቁልቁለቱ የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ወረቀቱ ላይ ምንም ቁጥር የለውም። አገሩ የሚያውቀው ትልቁ ቁልቁለት ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው ነው፤ ከ1,300 ሜትር በላይ ይዘቀዘቃል። 4,000 ኪሎ የሚመዝን መኪናና ተሳቢ ያንን ሲወርድ መጥፋት ያለበት ጉልበት ከ150 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት ፍሬን ሸራው ላይ ቢያርፍ ሸራው ይጨሳል፣ የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ነጂ በወጣበት ማርሽ መውረድ ያለበት ለዚህ ነው። ትልቅ ሞተር በማርሽ ሲያዝ ከትንሹ የበለጠ ይገታል፤ የራሱ ፍሬን ያለው ተሳቢ ደግሞ የድርሻውን ሸክም ከመኪናው ላይ ያነሳል። በዚህ መስክ ጠንካራ ፍሬን ያለው 150 ፈረስ፣ ፍሬን በሌለው ተሳቢ ከሚገፋ 250 ፈረስ ይሻላል።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ካሳወቀ ወዲህ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ፒካፕ ማንሳትም ተገቢ ሆኗል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ቶርኩንም ከዜሮ ዙር ጀምሮ ይሰጣል፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበቱን ወደ ባትሪ መልሶ ስለሚሞላ ፍሬኑን ያሳርፋል። ሦስቱም ፈተናዎች ለእሱ የቀለሉ ናቸው። የሚጎዳው በርቀት ነው። የፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ ትልቁ ባትሪ 580 የፈረስ ጉልበትና 1,050 ኒውተን ሜትር ይዞ፣ ያለ ተሳቢ 515 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከባድ ተሳቢ ሲጎትት ግን ርቀቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ግማሹ 257 ነው። ጀልባውን ከአሞራ ገደል ዳርቻ አውጥቶ እዚያው ሐዋሳ ጋራዥ ለማድረስ ከበቂ በላይ ነው፤ ለአዲስ አበባው መንገድ ግን 18 ኪሎ ሜትር ይጎድለዋል።