ገብርዬ በመድረካችን፦ ታማኝ ወይስ ድምፅ አልባ?

ዐፄ ቴዎድሮስ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ደጋግሞ የተወለደና ደጋግሞ የሞተ ባለታሪክ ነው። በ1940ዎቹ ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ለመድረክ አበቁት። በ1958 ዓ.ም. ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» በልቦለድ ቀረጹት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት አነሡት፤ ከእርሳቸውም በኋላ ጌትነት እንየው «የቴዎድሮስ ራእይ» ብለው ዳግመኛ ወደ መድረክ አወጡት። እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ጭንቀትና የራሱን ተስፋ ለንጉሡ አልብሶታል። በዚህም የተነሣ የቴዎድሮስ ታሪክ በብዙ እጆች የሚጻፍ፣ ፍጻሜው የታወቀ ሆኖ ሳለ ከቶ የማይቋጭ ተከታታይ ድርሰት ሆኗል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ከንጉሡ ጎን የቆመው ሰው ጥያቄ ግን በወጉ አልተነሣም፤ ቢነሣም አልተመለሰም። ፊታውራሪ ገብርዬ ማን ነው? በመድረካችን ልማድ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ታማኝ። ጎራዴውን ታጥቆ ይገባል፤ እጅ ነሥቶ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ይወጣል፤ ይሞታል፤ ይለቀስለታል። ንጉሡ ከመድረኩ ፊት ቀርቦ ረዥም ንግግር ሲያሰማ ገብርዬ ከኋላው ቆሞ ያዳምጣል። የሚያዳምጠውን አምኖበት ይሁን ፈርቶት፣ ወዶት ይሁን ተጠራጥሮት፣ ተመልካቹ ሳያውቅ መጋረጃው ይዘጋል። ይህ የአንድ ንዑስ ገጸ ባሕርይ ጉድለት ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ታማኝነት ምን እንደሆነ ለሕዝብ የምናስተምርበት መንገድ ጉድለት ነው።

ታሪኩ የታወቀ ቢሆንም ለክርክሩ መሠረት እንዲሆን ማስታወስ ይገባል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ግርጌ ወደሚገኘው እሮጌ ደረሰ። ንጉሡ ከፋላ ጉብታ ላይ መድፎቹን ጠምዶ ሲመለከት፣ ሠራዊቱን እየመራ ቁልቁል የወረደው ገብርዬ ነበር። ከታች የጠበቀው ከኋላው የሚጎርሰው ስናይደር ጠመንጃና ሮኬት ነው። በዚያ ዕለት ከኢትዮጵያ ወገን የሞቱት ወደ 700 እንደሚደርሱ ተገምቷል፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ገብርዬ ከወደቁት መካከል ነበረ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ንጉሡ በገዛ ሽጉጡ ሕይወቱን አሳለፈ።

መድረካችን ዓርብንና ሰኞን አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን ከዓርብ በፊት ሐሙስ ነበረ። ሚያዝያ 2 ቀን፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ቤተ ክርስቲያን እግር በምታጥብበት ዕለት፣ ንጉሡ በመቅደላ ታስረው ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶ የሚበልጡትን አስገደለ። ብዙዎቹ ከእስላምጌ ገደል ቁልቁል ተወረወሩ። ይህ የጠላት ወሬ አይደለም፤ የንጉሡ አድናቂዎች ጭምር በኀዘን የሚያስታውሱት እውነት ነው።

የገብርዬ ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ያ ጎራዴ ታጣቂ በሐሙሱ ሰዓት ምን አሰበ? «ንጉሥ ሆይ፣ ይቅር!» አለን? ወይስ ፊቱን አዞረ? በማግስቱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ያወረደው የጌታው ፍቅር ነውን? የአገሩ ክብር ነውን? ወይስ የሐሙሱን ደም በራሱ ደም ለማጠብ ፈልጎ ነው? እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሦስት የተለያዩ ተውኔቶችም ናቸው። ደራሲ ከሦስቱ አንዱን የመምረጥ ሙሉ ነጻነት አለው። ሐሙስን ዘልሎ ዓርብ ላይ የመድረስ ነጻነት ግን ሊኖረው አይገባም። ሐሙስ የሌለበት ዓርብ ጀግንነትን ከኅሊና ነጥሎ ያሳያልና።

በጥንቱ ቤተ መንግሥት ሊቀ መኳስ የሚባል ማዕረግ ነበረ። ባለማዕረጉ በጦርነት ቀን የንጉሡን ልብስ ለብሶ፣ ንጉሡን መስሎ ይሰለፋል፤ የጠላት ዓይንና ጥይት ወደ እርሱ እንዲያነጣጥር ነው። የቴዎድሮስ ወዳጅ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ይህን ማዕረግ ተሸልሞ በ1853 ዓ.ም. ለንጉሡ ሲዋጋ ወድቋል። ሥነ ጽሑፋችን ገብርዬን ያለ ሹመት ሊቀ መኳስ አድርጎታል። የንጉሡን ሐሳብ ለብሶ ይወጣል፤ በንጉሡ ፋንታ ይሞታል፤ የራሱ ልብስ ግን የለውም። ሞቱ እንኳ የራሱ አይደለም። ንጉሡ እንዲያለቅስና ተመልካቹ የንጉሡን ልብ መሰበር እንዲያይ የተዘጋጀ አጋጣሚ ሆኖ ቀርቷል።

ይህን አሠራር የሚደግፉ ወገኖች ሦስት መከራከሪያ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው፣ «ታሪክ የገብርዬን ቃል አልመዘገበም፤ ያልተመዘገበን ቃል በአፉ ማኖር ሐሰት ነው» የሚል ነው። መልሱ ቀላል ነው። ንጉሡ በሌሊት ብቻውን ሆኖ ለራሱ የተናገረውንስ ማን መዘገበው? ደራሲያን ለንጉሡ ገጽ በገጽ ንግግር ሲፈጥሩ ያልተጠየቀ የታሪክ ማስረጃ ለጭፍራው ሲሆን ለምን ይጠየቃል? ፈጠራ ለንጉሥ ሲፈቀድ ለሎሌ የሚከለከል ከሆነ፣ ክልከላው የመጣው ከታሪክ ሥነ ሥርዓት ሳይሆን ከደረጃ አክብሮት ነው።

ሁለተኛው፣ «አቢይ ገጸ ባሕርይ አንድ ነው፤ ሁለት ፀሐይ ባንድ ሰማይ አይወጣም» የሚል ነው። ይህ የድርሰትን ጠባይ አለማወቅ ነው። የዋናው ባለታሪክ ቁመት የሚለካው ከጎኑ በቆመው ሰው ነው። በሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» ውስጥ ኬንት የሚባለው መኮንን ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ንጉሡን ፊት ለፊት ይቃወማል፤ ስለዚህም ይሰደዳል። ከዚያ ልብሱን ለውጦ፣ ማንነቱን ሰውሮ፣ ያንኑ ያሰደደውን ንጉሥ ሊያገለግል ይመለሳል። ኬንት በመናገሩ ሊር አላነሰም፤ እንዲያውም የሊር ጥፋትና የሊር ኀዘን የሚታወቁን በኬንት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሱት «ሐምሌት» ውስጥም ሆሬሽዮ ከጌታው ጋር ለመሞት ሲነሣ፣ ሐምሌት እንዲኖርና እውነቱን እንዲናገር ይለምነዋል። በዚያ ተውኔት የመጨረሻው የታማኝነት ግዴታ ምስክርነት ነው።

የመቅደላ ታሪክም ይህን ሁሉ በራሱ እጅ ይዟል። ገብርዬ ከንጉሡ ቀድሞ ሞተ። ራስ እንግዳ በመጨረሻው ቀን በአምባው በር ላይ ወደቀ። ወልደ ጋብር የተባለው አሽከር ግን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ከጌታው ሳይለይ ቆይቶ ተረፈ፤ ያየውንም ተናገረ። ቀድሞ የሞተ፣ አብሮ የሞተ፣ ተርፎ የመሰከረ፤ ሦስት የታማኝነት መንገዶች ናቸው። ይህን የመሰለ ሀብት እጁ ላይ ያለ ቴአትር ታማኝን ሁሉ ባንድ መልክ መቅረጹ ያሳፍራል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው መከራከሪያ፣ «ገብርዬን ተቃዋሚ ማድረግ ታማኝነቱን ማርከስ ነው» የሚል ነው። ይህ አመለካከት «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ከሚለው ብሂል የተቀዳ ነው። መድረካችን ለረዥም ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ሲያሳይ ኖሯል፤ አፉን ዘግቶ የሚሞት ታማኝና አፉን ከፍቶ የሚሸሽ ከሐዲ። ተናግሮ የሚቆይ ሰው፣ «ይህ ስሕተት ነው» ብሎ ሲያበቃ ከቦታው ያልተነቃነቀ ሰው፣ ከመድረኩ ላይ የለም። ስለዚህ ተመልካቹ ሳያስበው አንድ ትምህርት ይዞ ይወጣል፤ የተናገረ ሁሉ ሊከዳ የተነሣ ነው። ከዚህ የከፋ ትምህርት አይገኝም።

ወጣቶቻችን ይህን ጉድለት ሌላ ቦታ ሄደው በመሙላት ላይ ናቸው። ማንጋ የሚባለውን የጃፓኖች ሥዕላዊ ልቦለድ የሚከታተል ተማሪ «ዋን ፒስ»ን ያውቀዋል። ኤይቺሮ ኦዳ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀ ተከታታይ ሥራ ነው። በውስጡ ዞሮ የሚባል ጎራዴ ታጣቂ አለ። ሉፊ የተባለውን አለቃ ከሁሉ ቀድሞ የተከተለ ቢሆንም የምክትልነት ማዕረግ በይፋ አልተሰጠውም። የዓለም ታላቅ ጎራዴ ታጣቂ ለመሆን ለሞተች የልጅነት ባልንጀራው የገባው ቃል አለ፤ ይህም ቃል እስከ ቅርብ ጊዜ ፍጻሜ አላገኘም። አንባቢያኑ ቦታው ምን እንደሆነ ሲከራከሩ ኖረዋል። ቢሆንም ደራሲው አንድ ነገር አልነፈገውም፤ የራሱን ሕልምና የራሱን ቃል። ዞሮ አለቃውን ሲከተል በቅድመ ሁኔታ ነው፤ ሕልሙን እንዲተው ካደረገው አለቃው በነፍሱ እንደሚጠየቅ አስጠንቅቆታል። የአለቃውን ሥቃይ በገዛ አካሉ ተሸክሞ ለማንም ሳይናገር የቆመበት ጊዜ አለ። ጥሎ የሄደ ባልደረባ ያለ ይቅርታ ይመለስ በተባለ ጊዜ ደግሞ አለቃውን ፊት ለፊት የተቃወመ እርሱ ነው። ያ ሁሉ የሥዕል መጽሐፍ ነው ብሎ የሚንቅ ሃያሲ፣ የሥዕል መጽሐፍ ለጎራዴ ታጣቂው የሰጠውን የእኛ ታላላቅ ተውኔቶች ለገብርዬ ለምን እንደነፈጉት ይመልስ።

ጉዳዩ በአዲስ አበባ ሃያሲያን መካከል የሚቀር ክርክርም አይደለም። የሙያ ቴአትር ቤቶች በርእሰ ከተማውና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች በተወሰኑባት አገር፣ ለብዙኃኑ ቴአትር ማለት የትምህርት ቤት መድረክ ነው። በሺንሺቾ፣ በዱራሜ ወይም በሆሳዕና የአማርኛ መምህር ለወላጆች ቀን ታሪካዊ ተውኔት ሲያዘጋጅ፣ ቃል አጥንቶ መናገር የሚወድደው ልጅ ንጉሥ ይሆናል፤ ዐይን አፋሩ ልጅ ጎራዴ ይሰጠውና ከኋላ ይቆማል። ለሺንሺቾ ልጅ ቋራም መቅደላም ሩቅ ነው። የንጉሡ ዘውድ በሕይወቱ አይገጥመውም። የገብርዬ ቦታ ግን ይገጥመዋል፤ ነገ በርእሰ መምህር ሥር መምህር፣ በኀላፊ ሥር ሠራተኛ፣ በአለቃ ሥር ካድሬ ይሆናልና። እንግዲህ ያ ልጅ በመድረክ ላይ የተማረው «እሺ ጌታዬ» የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ ለኖረበት ሙያ ምን ይዞ ይሄዳል?

የአካባቢው ታሪክም ይህን ጥያቄ አያርቅም። ሆሳዕና ከተመሠረተችበት ታሪክ ጋር ስሙ የሚነሣው ራስ አባተ ቧያለው በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከምኒልክ መድፈኞች አዛዦች አንዱ ነበረ። ያም የንጉሥ ሰው ነው። ዐፄ ምኒልክ በሕመም ከሥልጣን ሲርቅ ግን አባተ በቤተ መንግሥቱ የሥልጣን ሽኩቻ ውስጥ ገብቶ ተሸነፈ። ጌታው ከፊቱ ሲጠፋ የጦር ሰው ምን ይሆናል? የአባተ ሕይወት የገብርዬን ጥያቄ ከሌላ ማዕዘን ያነሣል፤ ለሆሳዕናና ለሺንሺቾ የትምህርት ቤት ደራሲም ከደጁ ያለ ርእሰ ጉዳይ ነው። በሐዲይኛም ሆነ በከምባትኛ ቢጻፍ ጥያቄው ያው ነው።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። ለግል ደኅንነት የሚበጅ ምክር ሊሆን ይችላል፤ የኪነ ጥበብ መመሪያ ሲሆን ግን ጥፋት ነው። ደራሲያን ከእንግዲህ ቴዎድሮስን ሲያነሡ የሐሙስን ትዕይንት ሊጽፉ ይገባቸዋል። ንጉሡና ገብርዬ ብቻቸውን ይቁሙ። ገብርዬ ይናገር፤ ንጉሡ ይስማ፤ ከፈለገ ይቆጣ። ከዚያ በኋላ ገብርዬ በዓርብ ቀን ቁልቁለቱን ይውረድ። ያኔ ሞቱ የትእዛዝ ፍጻሜ መሆኑ ቀርቶ የሰው ምርጫ ይሆናል። መምህራንም የትምህርት ቤታቸውን ድልድል እንደገና ይመልከቱ፤ ያን ዐይን አፋር ልጅ ከኋላ ሲያቆሙት ቢያንስ አንድ እውነተኛ ቃል በአፉ ያኑሩለት።

የዚህ ሁሉ ዓላማ ገብርዬን ከንጉሡ ጋር ማጣላት አይደለም። ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ስማቸው አብሮ ሲጠራ የኖረ ሁለት ሰዎች በመጨረሻ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው።