ወንዙን የማያውቅ የጊዜ ሰሌዳ

በፕሮጀክት ማቀጃ ፕሮግራሞች ውስጥ ተጠቃሚውን ሁሉ የሚያስደስት አንድ ባሕርይ አለ። ተግባራት እርስ በርሳቸው ከተሳሰሩ በኋላ የአንዱ ቀን ሲዛነፍ የተከታዮቹ ቀን በራሱ ይታረማል። የጉድጓድ ቁፋሮው አንድ ሳምንት ቢዘገይ የቱቦ ማጓጓዙም፣ የፓምፕ ተከላውም፣ የርክክቡም ዕለት አንድ አንድ ሳምንት ወደ ፊት ይገፋሉ። ሰሌዳውን በእጅ ሲያስተካክል ያመሸ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል። እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን እንደ ኢታንግ ባለ ምድር ፕሮግራሙን ከካርቶኑ እንደወጣ መጠቀም፣ ስሕተትን በእርግጠኝነት ከሚናገር አማካሪ ጋር እንደ መሥራት ነው እንላለን።

ስሌቱ ራሱ ረቂቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 የዱፖንት ኩባንያው ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ ጄምስ ኬሊ «የወሳኝ መንገድ» ዘዴን ማዳበር ጀመሩ፤ በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳይል ሥራ ፐርት የተባለውን ተመሳሳይ ዘዴ አወጣ። ኮምፒዩተሩ የሚሠራው መደመርና መቀነስ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ተግባር ተነሥቶ እየደመረ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከመጨረሻው ተነሥቶ እየቀነሰ ይመለሳል፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ ተግባር ያለውን የመዘግየት ነፃነት ይነግረናል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ በወረቀት ሊሠራው ይችላል። ከመደመሩ በስተጀርባ ያለው ግምት ግን ከባድ ነው፦ ዛሬ የሚሠራ ሥራ ከወር በኋላም በዚያው ፍጥነት ይሠራል የሚል።

ኢታንግ ልዩ ወረዳ በጋምቤላ ክልል ባሮን ተከትሎ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ክረምቱ ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ዋልካው ይጨቀያል፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብለው ወደ ወንዝ ዳር ቀበሌዎች የሚያመሩት የአፈር መንገዶች ለከባድ መኪና የማይሞከሩ ይሆናሉ። እስቲ በአንዱ ቀበሌ የመጠጥ ውኃ ሥራ እንዳለ እናስብ። ለ30 ቀናት የሚዘልቀው የቱቦ ማጓጓዝ መጋቢት 25 ጀምሮ ሚያዝያ 24 ያበቃል። ከእርሱ በፊት ያለው ቁፋሮ ግን 28 ቀናት ዘገየ። ፕሮግራሙ ያለማመንታት ማጓጓዙን ሚያዝያ 23 አስጀምሮ ግንቦት 22 ይጨርሰዋል። አሁን በዚያው ፕሮግራም ላይ ለማጓጓዝ ብቻ የሚያገለግል የተለየ የቀን መቁጠሪያ እንክፈትና ከግንቦት 10 እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን ጊዜ ሥራ የሌለበት ብለን እንመዝግብ። 17ቱ ቀን ከዝናቡ በፊት ይሠራል፤ የቀረው 13 ቀን ኅዳር 1 ተጀምሮ ኅዳር 13 ይጠናቀቃል። የ28 ቀን መዘግየት የ204 ቀን መዘግየት ሆነ። (ጳጉሜን 5 ቀን አድርገን ቆጥረናል፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሚያስቡ ይህችን አጭር ወር ማስታወስ የእኛ ድርሻ ነው።)

ሁለቱም መልሶች የመጡት ከአንድ ማሽንና ከአንድ ትስስር ነው። ልዩነቱ ወንዙ በሰሌዳው ላይ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ጉዳዩ ከውኃው ጥበቃ ባሻገር በጀትንም ይነካል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ይህም ባሮ የሚሞላበት ጊዜ ነው። ገንዘቡ ሲፈቀድ መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲከፈት የበጀቱ ሲሶ ጊዜ አልፏል። ሥራው ወደ ኅዳር ከተሻገረ ደግሞ ሰኔ 30 በመካከል ይገባል፤ ያልተከፈለው ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፣ ሥራውም እንደ አዲስ በጀት ይጠየቅለታል። በግንቦት 22 ያምን የነበረ ኃላፊ ይህን የሚረዳው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

የበጋ ዓይን ብቻውን ምን እንደሚያስከፍል ክልሉ በ2014 እ.ኤ.አ. አይቷል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ከደቡብ ሱዳን ለመጡ ስደተኞች የተከፈተው የሌትቹር መጠለያ በዚያው ክረምት በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቀጣዩ ዓመት ወደ ጀዊ መዛወር ግድ ሆነባቸው።

ሌላም በዝምታ የሚያልፍ ወጥመድ አለ። በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ውስጥ በራሱ በሚታረም ተግባር ላይ የመጀመሪያ ቀን በእጃችን ብንጽፍ ፕሮግራሙ «ከዚህ ቀን በፊት አይጀመር» የሚል ገደብ ያኖርበታል። ከዚያ በኋላ ቀዳሚው ሥራ ቢዘገይ ተከታዩ ይገፋል፤ ቀዳሚው ቀድሞ ቢያልቅ ግን ተከታዩ ወደ ኋላ አይሳብም። መዘግየት ሁሉ ይወረሳል፣ የተገኘ ቀን ሁሉ ይባክናል። ከዝናብ በፊት አሥር ቀን ማትረፍ ግማሽ ዓመት በሚያድንበት ቦታ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። የ2010ሩ እትም ጭራሹን አዲስ ተግባርን በእጅ የሚታረም አድርጎ መፍጠርን መነሻው አደረገ። ቀኑ ባስቀመጡት ቦታ መቆሙን የሚወዱ ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን ከእነርሱ ጋር አንስማማም። ቀኑ የቆመው ሥራው ስለቆመ አይደለምና።

በባሮ ዳር የሚኖሩ አኙዋክ ገበሬዎች ውኃው ሲሸሽ በተወው እርጥብ አፈር ላይ በቆሎ ይዘራሉ፤ ኑዌሮችም ከብቶቻቸውን ከውኃው መምጣትና መሸሽ ጋር ያዘዋውራሉ። የዘር ሥራው የታሰረው ከወንዙ መጉደል ጋር እንጂ ከተቆረጠ ዕለት ጋር አይደለም። ቀዳሚና ተከታይ ተግባር ማለት ይኸው ነው፤ ያውም ያለ ኮምፒዩተር። እ.ኤ.አ. በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል በባሮ ላይ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ በኢታንግ አካባቢ እንዲመረጥ ይፈቅድ ነበር፤ ጣቢያው በመጨረሻ በጋምቤላ ሲቆም የእንፋሎት መርከቦቹ የሚመጡት ወንዙ በሞላ ጊዜ ነበር። መኪናውን የሚያግደው ውኃ መርከቡን ይጠራ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን ፕሮግራም የሚያስተምሩ መምህራን ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳውን የቤት ግንባታ ምሳሌ ትተው የቆላ ወረዳ የውኃ ሥራ ቢሰጡ እንመርጣለን። ተማሪው አስቀድሞ የቀን መቁጠሪያውን ይሥራ፣ ከዚያ ተግባራቱን ያስተሳስር። በእርግጥ ግንቦት 10 ራሱ ግምት ነው፤ ዝናቡ በአንዱ ዓመት ይቀድማል፣ በሌላው ይዘገያል። የሚሻለው «መንገዱ ደርቋል» የሚል የዜሮ ቀን ተግባር ከፍቶ ማጓጓዙን ከእርሱ ጋር ማሰር ነው። ያን ቀን የሚሞላው ሰው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው አይሆንም፤ ከቀበሌው ስልክ የሚደውል ሰው አስቀድሞ ተመርጦ ስሙ በሰሌዳው ላይ መስፈር አለበት።