የገፈራው እርሾ ከማሳው አለ

በምሥራቅ ጎጃም እነማይ ወረዳ፣ በቅኔ ትምህርቱ ስሙ በታወቀው በዲማና በአካባቢው የሚኖረው አርሶ አደር፣ በክረምት መውጫ ለምለም ሣር በየድንበሩ ሞልቶለት ሳለ፣ በበጋው ወራት ከብቶቹን የሚያኖረው በአብዛኛው በጤፍና በስንዴ ገለባ ነው። ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ በቂ ጉልበት አይሰጥም። በመሆኑም የእርሻ ወቅት ሲደርስ በሬው ከስቶ ይገኛል፤ የላሚቱም ወተት ይቀንሳል።

ሣሩን ድርቆሽ ማድረግ አንድ መፍትሔ ነው። ይሁንና መኖው በሚለመልምበት ወቅት ዝናቡ ስለማያባራ የታጨደው ሣር ሳይደርቅ ይበሰብሳል። ለዚህ ጊዜ የሚስማማው ገፈራ ነው፤ ይኸውም እርጥቡን መኖ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ጠቅጥቆ ማብላላት ማለት ነው።

የማብላላቱን ሥራ የሚያከናውኑት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። የቤት እመቤት ቡሆ ስታቦካ እርሾ ትጨምራለች። የገፈራው እርሾ ግን ከሣሩና ከበቆሎው ቅጠል ላይ በተፈጥሮ ይገኛል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በተክሉ ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ እርጎን የሚያኮመጥጠውም ይኸው አሲድ ነው። መኖው በበቂ ሁኔታ ሲኮመጥጥ አበላሺዎቹ ተሕዋስያን ሥራቸውን ያቆማሉ።

ሆኖም በዚያው ቅጠል ላይ ጠላቶችም አሉ። አየር ካገኙ ሻጋታና እርሾ መሰል ፈንገሶች መኖውን ያግሉታል፤ ያበላሹታልም። ከአፈርና ከእበት ጋር የሚገቡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ፣ መኖው ውኃ ከበዛበት፣ የተበላሸ ቅቤ የመሰለ ሽታ ያመጡበታል። ፊንላንዳዊው ኬሚስት ቪርታነን በ1938 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ፣ በመኖው ላይ አሲድ ጨምሮ እነዚህን ጠላቶች የመግታት ዘዴ ነበር።

የዲማ አርሶ አደር አሲድ መግዛት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ወዳጆቹን ተሕዋስያን መርዳት ነው። መኖውን ከአፈር መጠበቅ፣ ውኃ የበዛበትን ለጥቂት ሰዓታት ማጠውለግ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መክተፍ፣ በደንብ መርገጥና በዚያው ዕለት አፉን መድፈን ይኖርበታል። የተከተፈው መኖ በእጅ ሲጨበጥ ውኃው ከተንጠባጠበ እርጥበቱ በዝቷል፤ ወዲያው ከተበተነ ደርቋል። እንደ ቬች ያሉ የጥራጥሬ መኖዎች ስኳራቸው አነስተኛ ስለሆነ ከበቆሎ ወይም ከአጃ ጋር ቢደባለቁ ይመረጣል። ከ6 ሳምንት በኋላ ሲከፈት ደስ የሚል የኮምጣጣ ሽታ ካለው ሠምሯል፤ የሻገተው ግን ለከብት አይሰጥም።

አንድ ጊዜ ጉድጓዱ የሸተተበት አርሶ አደር ሁለተኛ ለመቆፈር አይደፍርም። ስለዚህ የግብርና ባለሙያዎች ፕላስቲክ በማደል ብቻ ሳይወሰኑ፣ መኖው ለምን እንደሚኮመጥጥና ለምን እንደሚበላሽ በቡሆና በእርጎ ምሳሌ ሊያስረዱ ይገባል። ምክንያቱን የተረዳ አርሶ አደር ጉድጓዱን ክፍት አድርጎ አያድርም።