በሩ ሲዘጋ ጥፋተኛውም ያመልጣል

ለናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሴኔት
ናይሮቢ

ጉዳዩ፦ ተማሪን በጅምላ መቅጣትን ይመለከታል

የተከበራችሁ የሴኔት አባላት፣

ናይሮቢ ላይ ኑሯችንን ከመሠረትን ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ። ከኢስሊ እስከ ሀርሊንግሃም የሚኖረው ወገኔ ልጆቹን በዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራል፤ ስለዚህ የግቢያችሁ ነገር በእኛም ቤት ቡና በተፈላ ቁጥር ይነሳል። ይህን የምጽፈው ደንብ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ዌይ ላይ በድንጋይ የመኪናው መስታወት የረገፈበት ሾፌር፣ ወይም በግርግር መሃል ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴ ካሣ ይገባዋል፤ አጥፊውም መቀጣት አለበት። ቅሬታዬ ከጥፋቱ በኋላ እናንተ በምትከተሉት አሠራር ላይ ነው።

አሠራሩን ናይሮቢ በቃሏ ታውቀዋለች። ግርግር ይነሳል፣ ፖሊስ ይገባል፣ ሴኔቱ በአስቸኳይ ይሰበሰባል፣ ዩኒቨርሲቲው ላልተወሰነ ጊዜ መዘጋቱ ይነገራል፣ ተማሪው ማደሪያውን ባስቸኳይ ለቅቆ እንዲወጣ ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 የሆነውም ይኸው ነው። የቀድሞው የተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የፓርላማ አባሉ ባቡ ኦዊኖ መታሰሩን ተቃውመው ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። በሴፕቴምበር 28 ፖሊስ ማደሪያና መማሪያ ክፍል ድረስ ዘልቆ ተማሪውን በቆመጥ ቀጠቀጠ። ሳምንት ሳይሞላ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ድንጋይ የወረወረውም፣ በሰላም የተሰለፈውም፣ በክፍሉ ተቀምጦ ሲያጠና የተደበደበውም እኩል ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ።

ልማዱ ግን ከዚያም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቃዋሚ መሪው ኦጊንጋ ኦዲንጋ በግቢው ንግግር እንዳያደርጉ ሲከለከሉ ተማሪው ትምህርት አቆመ፤ ያኔ ኮሌጅ የነበረው ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ደራሲው ጉጊ ዋ ቲዮንጎም በድርጊቱ ተቆጥቶ ከመምህርነቱ ለቀቀ። በኦገስት 1982 ከተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ከአንድ ዓመት በላይ ተዘጋ። የተማሪዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር ቲተስ አዱንጎሲ 10 ዓመት ተፈርዶበት በ1988 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። በፕሬዚዳንት ሞይ ዘመን የተበተኑት ተማሪዎች በየመንደራቸው የመንግሥት ሹም (ቺፍ) ዘንድ እየቀረቡ እንዲያመለክቱ ይገደዱ ነበር። ያ ዘመን አልፏል፣ ሕገ መንግሥቱም ተቀይሯል። በር የመዝጋቱ ልማድ ግን ዘመኑን ተሻግሮ እናንተ ዘንድ ደርሷል።

የመዝጊያውን ቀን ከስቴት ሃውስ መንገድ ማደሪያዎች ደጃፍ ቆሞ ያየ ሰው አይረሳውም። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል፤ ባልዲው ውስጥ ድስትና መጽሐፍ አብረው ተጠቅጥቀዋል፤ ግማሹ ተማሪ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ለትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ በኤምፔሳ እንዲላክለት ይለምናል። የናይሮቢው ልጅ በአንድ ማታቱ ቤቱ ይገባል። ከሎድዋር የመጣው የሌሊት መንገድ ይጠብቀዋል። አገሩ ድንበር ማዶ የሆነው ኢትዮጵያዊ ወይም ደቡብ ሱዳናዊ ደግሞ የሚያስጠጋው ዘመድ ፍለጋ ከተማውን ይዞራል። ለሁሉም እኩል ነው የተባለው ቅጣት ድሃውንና እንግዳውን አብልጦ ይጎዳል።

በእኛ አገር አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል የቆየ ሥርዓት ነበር። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል፣ አጥፊው ካልታወቀ የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ጉዳዩ አይሄድም። ጥፋተኛው ካልተገኘ አገሬው አዋጥቶ ይክሳል። በጅምላ መካሱ ንጹሑን ይበድል ስለነበር ዛሬ የሚናፍቀው የለም። ያም ሆኖ አፈርሳታ መጀመሪያ ሰው ሰብስቦ ይጠይቅ ነበር፤ ካሣው የሚመጣው ፍለጋው ካልሠራ ብቻ ነው። እናንተ ግን ተጠርጣሪውን፣ ምስክሩንና ተበዳዩን በአንድ ቀን ትበትናላችሁ። ከወራት በኋላ በሩ ሲከፈት ያየ አይገኝም፣ የተገኘውም ረስቶታል። በኬንያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለተሰባበረው ንብረት ከእያንዳንዱ ተማሪ ገንዘብ ሲሰበሰብ ታይቷል። ከአፈርሳታ ፍለጋው ቀርቶ መዋጮው ብቻ ተወስዷል ማለት ነው።

የማደሪያው ደንብም ከዚህ አሠራር ጋር ይያያዛል። አልጋ ያልደረሰው ተማሪ ጓደኛው ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ያድራል። ተማሪዎቹ «ፓይሬት» ይሉታል። ሲነጋ ፍራሹ አልጋ ሥር ይገባል። ለምግብ ቤት ገንዘብ ያጠረው ደግሞ በሩን ቆልፎ በኤሌክትሪክ ምድጃ ኡጋሊውን ያገነፋል። በደንቡ ሁለቱም ጥፋተኞች ናቸው። የአልጋው እጥረትና የመንግሥት የትምህርት ብድር (ሄልብ) መዘግየት ግን በጥፋት አይመዘገብም። ብዙው ሰው ለመኖር ሲል የሚጥሰው ደንብ ካለ፣ ማን እንደሚቀጣ የሚወስነው ደንቡ መሆኑ ይቀርና ተቆጣጣሪው ይሆናል። ዝም ያለው ይታለፋል፤ በስብሰባ ላይ እጁን ያወጣው ክፍሉ ይፈተሻል። በዚህ ዓይነት የሚኖር ተማሪ ደንቡን ይፈራዋል እንጂ አያከብረውም።

ይህን የምለው ሕጋችሁን ከእኔ ትማሩ ዘንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2010 ሕገ መንግሥታችሁ አንቀጽ 47 ማንም ሰው ፍትሐዊ የአስተዳደር ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው፣ መብቱን የሚነካ ውሳኔ ሲሰጥም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይደነግጋል። ማስፈጸሚያ ሕጉም በ2015 ወጥቷል። ከዚያም አስቀድሞ በ1990 የይግባኝ ፍርድ ቤታችሁ በኤገርተን ተማሪዎች ጉዳይ፣ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲ የማስተዳደር ፍላጎት እንደሌለው፣ ሰው ሳይሰማ የተሰጠን ውሳኔ ግን እንደሚሽር ግልጽ አድርጓል። አንድን ተማሪ ሳይሰሙ ማባረር ከተከለከለ፣ ሁሉንም ሳይሰሙ ማባረር በምን ሂሳብ ይፈቀዳል?

ተማሪው አቤት የሚልበት መንገድም ጠቧል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ተማሪው መሪዎቹን በቀጥታ መምረጡን አስቀርቶ በተወካዮች በኩል አደረገው። በምርጫ ሰሞን ሁከት እንደነበረ አልክድም። ነገር ግን ተማሪው የእኔ የሚለው መሪ ሲያጣ የሚቀረው አደባባይ ነው፤ እናንተ ደግሞ አደባባይ ሲወጣ በር ትዘጋላችሁ።

የአገሬን ገመና ዘንግቼ አይደለም እናንተን የምወቅሰው። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር መሪው ጥላሁን ግዛው በተገደለ ማግስት የክብር ዘበኛ ስድስት ኪሎ ግቢ ገብቶ በተማሪ ላይ ተኩሷል። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ የሚል ነበር፤ መልሱ ዱላና ጥይት ሆነ። ደግሞም ባለ ውለታዎቻችን ናችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1958 ወዲህ በንጉሠ ነገሥቱ ስኮላርሺፕ ወደ አዲስ አበባ ከመጡት አፍሪካውያን መካከል ኬንያውያን ነበሩ፤ የእኛ ተማሪዎች ባለሥልጣንን ፊት ለፊት መጠየቅን ከእነዚህ እንግዶች ጋር በክርክር ተምረዋል። ያንን ያስተማረ አገር የራሱን ተማሪ ጥያቄ በቁልፍ ሲመልስ ማየት ያሳዝናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ጥፋት ሲደርስ ተጠርጣሪው በስሙ ይጠራ፤ ክሱ በጽሑፍ ይድረሰው፤ ማስረጃውን አይቶ፣ የሚያግዘውን ሰው ይዞ፣ በተወሰነ ቀን ይሰማ። ይግባኙን የሚያየው የመጀመሪያውን ውሳኔ ያልሰጠ አካል ይሁን። የተሰበረውን ሰባሪው ይክፈል። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ገጥሞ መዝጋት ግድ ከሆነ፣ የሚከፈትበት ቀን ከመዝጊያው ማስታወቂያ ጋር ይነገር፣ መሄጃ የሌለው ተማሪም ማደሪያው ውስጥ ይቆይ። አልጋ ለሌለው ተማሪ ደግሞ ከቅጣቱ በፊት አልጋ ይፈለግለት።

ሴኔቱ በሚቀጥለው አስቸኳይ ስብሰባ «እንዝጋ» የሚል ሐሳብ ሲቀርብለት፣ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ከሌለ ቅጣትም ሊኖር አይገባም።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሴኔት
ልጆቻቸውን ናይሮቢ ለሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች