ያስመለሰው ሁሉ ሲህር የለበትም!

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በየከተማችን የሚደጋገም ታሪክ ነው። ልጁ ሃያዎቹ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸዋል፤ ቁርስ ሲያይ ያስጠላዋል። ወራት ቆይቶ አንድ ቀን ማስመለስ ይጀምረዋል፤ ሆዱ ባዶ ከሆነ በኋላም አይለቀውም። "ጨጓራ ነው" ይባላል፣ መድኃኒት ይገዛል። "ታይፎይድ ነው" ይባላል፣ ሌላ መድኃኒት ይገዛል። ከቀናት በኋላ ይሻለዋል፤ ከወር በኋላ ደግሞ ይመለስበታል። በመጨረሻ ከዘመድ አንዱ "ይሄማ የሰው እጅ አለበት" ይላል፤ ልጁም ወደ ሩቅያ ቤት ይወሰዳል።

እዚያ ባልዲ ይቀርባል። የተቀራበት ውሃና ሰና መኪ በላይ በላዩ ያጠጡታል። ሲያስመልስ "አልሐምዱሊላህ፣ ሲህሩ ወጣ!" ይባላል፤ ገንዘብም ይከፈላል። ወንድሜ፣ እዚያ ባልዲ ውስጥ የገባው ከልጁ ሰውነት የቀረው ውሃና ጨው ነው!

በዚህ ሁሉ መንገድ ማንም ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ "ልጄ፣ ጋንጃ ታጨሳለህ ወይ? ከጀመርክ ስንት ዓመትህ ነው?"

ነገሬን በትክክል ያዙልኝ። ሩቅያ ሐቅ ነው። ሲህርም ዐይንም መኖራቸውን ቁርኣንና ሱና ነግረውናል። ጸቤ ሳይጠይቅና ሳያጣራ ከሚፈርድ ራቂ ጋር ነው፤ ሐቁን እያወቀ ከሚደብቅ ወጣት ጋር ነው፤ "ልጃችን ጋንጃ ያጨሳል" ከመባል "ልጃችን ተደግሞበታል" መባልን ከሚመርጥ ቤተሰብም ጋር ነው።

በሽታው ስም አለው

ሐኪሞች "ካናቢኖይድ ሃይፐርኤሜሲስ ሲንድሮም" ይሉታል። ለረጅም ጊዜ ጋንጃ (ካናቢስ) በመጠቀም የሚመጣ ከባድ የማስመለስ ሕመም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አውስትራሊያ የሚሠሩ ሐኪሞች አንድ ነገር አስተውለው ጻፉ፦ ለዓመታት ጋንጃ የሚያጨሱ፣ ማስመለሱ እየሄደ የሚመጣባቸው፣ ሙቅ ውሃ ካልነካቸው እፎይ የማይሉ ሰዎች አሉ። ማጨስ ያቆሙት ዳኑ፤ መልሰው የጀመሩት ደግሞ ሕመሙ ተመለሰባቸው።

ምልክቶቹን ልብ በሉ፦

1. ልጁ ለረጅም ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ፣ በየቀኑ ወይም በሳምንት ብዙ ቀን አጭሷል።

2. ማስመለሱ በዙር ይመጣል። ለቀናት ያሰቃየዋል፣ ይተወዋል፣ ደግሞ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሆድ ቁርጠት አብሮት አለ።

3. ሙቅ ውሃ ያስታግሰዋል። ሻወር ቤት ገብቶ አልወጣም ይላል፤ ሻወር ከሌለ ውሃ አፍሉልኝ ይላል። ይህ ለሐኪም ትልቅ ፍንጭ ነው። አንዳንድ ራቂ ግን "መታጠቢያ ቤት መቆየቱ የጂን ምልክት ነው" ብሎ ይፈርድበታል!

4. ለረጅም ጊዜ ሲያቆም ማስመለሱም ይቆማል። ማረጋገጫው ይህ ነው።

ይህ ማለት ግን ጋንጃ አጫሽ ያስመለሰው ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። ትርፍ አንጀት፣ የሐሞት ጠጠር፣ የጨጓራ ቁስለት፣ በሴት ልጅ ደግሞ እርግዝናም ያስመልሳል። ለዚህ ነው ፍርዱ ለራቂም ለጓደኛም የማይተወው፤ ሐኪም መርምሮ ይለየው።

"እኮ ጋንጃ ለማቅለሽለሽ መድኃኒት ነው!"

ይህን የሚል ወጣት አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። ከጋንጃው ንጥረ ነገር ጋር አንድ የሆነ መድኃኒት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የካንሰር መድኃኒት ለሚያስመልሳቸው ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ግን ተመጥኖ በሐኪም የሚሰጥ እንክብልና ከበርጫ በኋላ ለዓመታት የሚጨስ ጋንጃ አንድ ናቸው እንዴ? ንጥረ ነገሩ ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ሲደጋገም ያስታግስ የነበረው ነገር ራሱ ያስመልሳል። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ ሲያቅለሸልሸው "ያረጋጋኛል" ብሎ ይጨምራል፤ በጨመረ ቁጥር በሽታውን ይመግባል።

ሌላው "ተክል ነው፣ ኸምር አይደለም" ይላል። ይህ ክርክር ዛሬ የተጀመረ መሰለህ? ኢብኑ ተይሚያ ሐሺሽን ከሚያሰክሩ ነገሮች መድበው ሐራምነቱን በግልጽ ጽፈዋል። ኢማም ዘርከሺም በዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ኪታብ አዘጋጅተዋል። ጥያቄው የቆየ ነው፤ መልሱም የቆየ ነው።

ሦስተኛው "ካናዳ ፈቅዳለች" ይላል። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቅዳለች። በዚያው አገር የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ይህን ሕመም ጠንቅቀው ያውቁታል። ኩላሊት የመንግሥት ፈቃድ አይጠይቅም።

ምን እናድርግ?

ማስመለሱ ሲጀምር ኦአርኤስ (ለምለም) በጥብጣችሁ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ አጠጡት። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር፣ ይበጠበጣል። ውሃ አልቀመጥለት ካለ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከጠቆረ፣ ሲቆም ካዞረው፣ ደም ካስመለሰ፣ ከደከመና ግራ ከተጋባ አንድ ሰዓትም አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ውሰዱት። የሰውነት ፈሳሽና ፖታሲየም ሲያልቅ ኩላሊት ይጎዳል፣ የልብ ምት ይዛባል። በዚህ ሕመም ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል።

ሆስፒታል ስትደርስ፣ ወንድሜ፣ ለሐኪሙ እውነቱን ንገረው። "ወንጀሌን መሸፈን አለብኝ" አትበል። ወንጀልን ይፋ ማድረግ የተወገዘው በእርሱ ለሚኩራራ ነው፤ ለመዳን ብሎ ለሐኪም መናገር ሐጃ ነው። የተለመዱት ማስመለሻ ማቆሚያዎች ለዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ አይሠሩም። ሐኪሙ ምክንያቱን ካወቀ ግሉኮስ ይተክልልሃል፣ እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ ሌላ መድኃኒት ይመርጥልሃል። ከበርበሬ የማቃጠል ንጥረ ነገር የሚሠራ የሆድ ቅባትም አለ፤ ይህን ሰምታችሁ ግን የወጥ ቤት በርበሬ እንዳታሹበት! ትራማዶልም ለቁርጠቱ ብላችሁ አትስጡት፤ ያባብሰዋል። ሙቅ ውሃውም ሲበዛ ቆዳ ያቃጥላል፣ በላብ ፈሳሽ ያሟጥጣል።

ረመዷን ላይ ከሆነ ደግሞ ታማሚ ነህና አፍጥር፤ ቀዳውን ስትድን ታወጣዋለህ። አላህ ለታማሚ የሰጠውን ሩኽሳ አትግፋ።

ዋናው መድኃኒት ግን አንድ ነው፦ ማቆም። መቀነስ በቂ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ይጠፋል፣ ንዴት ይመጣል፣ ምግብ ያስጠላል። ያልፋል። ማቅለሽለሹ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅህ ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ታገስ። የምትቀመጥበትን በርጫ ካልቀየርክ ግን ተውባህ እስከ አስር ሰዓት ነው የሚቆየው፤ ማታ ትመለሳለህ።

ለራቂዎች የመጨረሻ ቃል

ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ከረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል። እየተደጋገመ የሚያስመልሰው ልጅ ሲመጣላችሁ ከባልዲው በፊት ጥያቄ አስቀድሙ፤ ከሰና መኪ በፊት ሐኪም ቤት ላኩት። ፋቲሓውን ግሉኮስ የተተከለበት አልጋ አጠገብ ሆናችሁ ቅሩለት፤ ማን ከለከላችሁ? ዱዓና መድኃኒት ተጣልተው አያውቁም።

ለጀማዓው ደግሞ፦ ያቆመውን ልጅ "ጋንጃም" እያላችሁ አታባርሩት። ሰፍ ውስጥ ቦታ ስጡት። መስጂድ ያላስጠጋውን ልጅ በርጫ ቤት እጁን ዘርግቶ ይቀበለዋል።

አላህ ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን፣ የታመሙትን ያሽርልን። ይህን ጽሑፍ ለሚያስፈልገው ወንድም አድርሱት። ወላሁ አዕለም።