ከሮቢት፦ ስለ አርባው ሌንስ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ኃላፊዎች፣ ማይክሮስኮፕ ለሚገዙና ለሚያከፋፍሉ፣ ሥልጠና ለሚያዘጋጁ፣ ለሱፐርቪዥን ለሚወጡ ሁሉ።

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት ሮቢትን አቋርጦ ያልፋል። ግራና ቀኙ የራያ ቆላ ነው፤ ማሽላው ሲደርስ ሜዳው አይታይም፤ ሙቀቱና አቧራው ግን ዓመት ሙሉ አይታጣም። ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይነሣል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የላብራቶሪ ጠረጴዛ ከደም ስላይድ አያርፍም። የሚያስለው ሰው ደግሞ ወቅት አይመርጥም። ስለዚህ እንዲህ ባለ አካባቢ አንድ ማይክሮስኮፕ ወባንም ቲቢንም ያያል፤ ይህ ደብዳቤም የተጻፈው በዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ስለሚታይ አንድ መጥፎ አሠራር ነው።

አሠራሩ ይህ ነው፦ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ይገባል፣ በድሮው የአክታ ምርመራ በዚል ኔልሰን ዘመን ልማድ ይሠራበታል። ሌንሱ በማጉያው ቁጥር ብቻ ይመረጣል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ምርመራው የተሻለ ይመስላል። ከማጉያው ቁጥር ጎን የተቀረጹትን ሌሎች ቁጥሮች ገዢውም፣ አሠልጣኙም፣ ተጠቃሚውም አያነባቸውም። ይህን የአንድ ባለሙያ ስንፍና ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሶኬት ሰክቶ፣ ሰማያዊውን መብራት አብርቶ፣ «ይኸው ይሠራል» ብሎ ፈርሞ መሄድ ሥልጠና በሚባልበት አገር ባለሙያው ከየት ይማረው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የኤልኢዲ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ የቀድሞውን የሜርኩሪ መብራት እንዲተካ፣ በሂደትም የተለመደውን የዚል ኔልሰን ምርመራ እንዲተካ መከረ። በቂ ምክንያት ነበረው። የሜርኩሪው አምፖል 200 ሰዓት ገደማ ሠርቶ ይቀየራል፣ ዋጋው አይቀመስም፣ ጨለማ ክፍል ይፈልጋል። ኤልኢዲው ከ10,000 ሰዓት በላይ ይቆያል፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ሊሠራ ይችላል። በአውራሚን ቀለም የተሠራ የአክታ ስላይድ ደግሞ ከዚል ኔልሰን ይልቅ በአማካይ 10 በመቶ ያህል የበለጠ የመያዝ አቅም እንዳለው ቀደም ሲል ተጠናቅሮ ታትሟል። ኢትዮጵያም መሣሪያውን ወደ ሆስፒታሎችና ወደ ጤና ጣቢያዎች አስገብታለች። ከዚያ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት መጣና የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ የላብራቶሪ ዕቃም አብሮ ሄደ። ባዶ ጠረጴዛ ታቅፎ ለቀረ ላብራቶሪ የመጣ ማይክሮስኮፕ ሁሉ ሲሳይ ነው፤ ሌንሱ ምን ዓይነት ነው ብሎ የሚጠይቅም አይኖርም። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል።

በድሮው ማይክሮስኮፕ ብርሃኑ ከታች መጥቶ በኮንደንሰሩ አልፎ፣ ስላይዱን ሰንጥቆ ወደ ዓይን ይወጣል። በፍሎረሰንሱ ግን ከላይ ነው የሚወርደው። ሰማያዊው ብርሃን፣ 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለው፣ በማጣሪያ ይጠራና ዳይክሮይክ የሚባለው ዘንበል ያለ መስታወት ላይ ያርፋል፤ መስታወቱ ወደ ታች ይመልሰውና በራሱ በኦብጀክቲቩ ሌንስ ውስጥ አልፎ ስላይዱ ላይ ይወርዳል። ማሽላ የሚጠብቅ ሰው ሌሊት የጅቡን ዓይን የሚያየው በእጁ የያዘው ባትሪ ብርሃን ሄዶ ወደ ራሱ ሲመለስ ነው፤ የብርሃኑ መንገድ እዚህም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ የጅቡ ዓይን የተላከበትን ብርሃን መመለሱ፣ አውራሚን ግን ሰማያዊ ተቀብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ መስጠቱ ነው። ዳይክሮይኩ ያንን አዲስ ቀለም ወደ ዓይን ያሳልፋል፤ የተረፈውን ሰማያዊ ደግሞ ከላይ ያለው ሁለተኛ ማጣሪያ ያስቀረዋል። ይህን አደረጃጀት እ.ኤ.አ. በ1967 ለተግባር ያበቃው ዮሐን ፕሉም የተባለ የኔዘርላንድስ ሰው ነው። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች መብራታቸው ይለያይ እንጂ መንገዱ ያው የእሱ ነው።

ይህ የመንገድ ለውጥ ብዙ ልማድ ማስቀየር ነበረበት። ከመድረኩ በታች ያለው ኮንደንሰር ለዚህ ምርመራ ሥራ የለውም፤ ሆኖም «ደብዝዟል» በተባለ ቁጥር ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የታችኛው አምፖል ሳይጠፋ ስላይድ የሚነበብበት ቦታም አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሌንሱ ነገር ነው። እዚህ ኦብጀክቲቩ ሁለት ሥራ አለው፤ ብርሃኑን ወደ ስላይዱ ያወርዳል፣ የተመለሰውንም ይሰበስባል። ላዩ ላይ ያለ እድፍም ሲወርድ አንድ ጊዜ፣ ሲመለስ ሌላ ጊዜ ይጎዳል።

በዚህ ምክንያት በአርባው ሌንስ ላይ ከማጉያው ቁጥር ከ40 ቀጥሎ የተቀረጸችው ትንሽ ቁጥር፣ ኒውመሪካል አፐርቸር የምትባለዋ፣ ትልቅ ጉዳይ ትሆናለች። ሌንሱ ብርሃን የሚቀበልበትን ስፋት የምትናገረው እሷ ናት። በዚህ ዓይነት ማይክሮስኮፕ የምስሉ ድምቀት በዚህች ቁጥር አራተኛ ኃይል ያድጋል፤ በማጉያው ቁጥር ስኩዌር ደግሞ ይቀንሳል። ሁለት አርባ ሌንሶች፣ አንዱ 0.65 ሌላው 0.75 ቢሆኑ፣ ሁለቱም ባለ ሰማያዊ ቀለበት ናቸው፣ ከሩቅ አይለዩም፤ ሁለተኛው ግን 1.8 እጥፍ ገደማ ይደምቃል። በጨረታ ሰነድ ላይ «ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ፣ ባለ 40 ሌንስ» ብሎ የሚያልፍ ገዢ ይህን ልዩነት ለአቅራቢው በነፃ ይሰጠዋል።

በዚያው በሌንሱ ጎን፣ ከተጋደመ የስምንት ቁጥር ምልክት አጠገብ፣ ብዙ ጊዜ 0.17 የሚል ይገኛል። ይህ የከቨር ስሊፕ ውፍረት በሚሊሜትር ነው፤ «ስላይዱ ላይ 0.17 ሚሊሜትር መስታወት አለ ብዬ ተሠርቻለሁ» ማለቱ ነው። የአክታ ስሚር ግን ሳይሸፈን ነው የሚነበበው። በሃያው ሌንስ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ በአርባው ግን የቲቢ ባሲለሷ ጥርት ያለች ክር መሆኗ ቀርቶ ጭጋግ ይለብሳታል። አፐርቸሩ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ይብሳል፤ ስለዚህ 0.75 የተጻፈበትን ውድ ሌንስ ገዝቶ የ0.17ን ነገር መርሳት ገንዘብ መበተን ነው። ያልተሸፈነ ስላይድ የሚፈልገው 0 የተጻፈበትን ነው። የተጠራጠረ ላብራቶሪ ፖዘቲቭ ኮንትሮል ስላይዱ ላይ ጠብታ ውኃ አድርጎ ከቨር ስሊፕ ይጣልበትና በአርባው ይመልከት። ምስሉ ድንገት ከጠራ ጥፋቱ የቀለሙም የዓይኑም አይደለም።

አሁን ወደ ዘይቱ። የራያ ቆላ ላብራቶሪ ዋና ጠላት አቧራ ይመስላል እንጂ ዘይት ነው። የወባ ስላይድ በመቶው ሌንስና በዘይት ይነበባል፤ ትክክልም ነው። ወረፋው ሲበዛ ግን ባለሙያው ሌላ ቦታ ለመፈለግ ከመቶው ወደ አርባው ይመልሳል፤ ዘይቱ ስላይዱ ላይ እንዳለ ነው፤ አርባውም ለስላይዱ ቅርብ ስለሆነ ዘይቱን ልሶ ያልፋል። የአርባው የፊት መስታወት ብዙ ጊዜ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነውና ዘይቱ ጥጉ ላይ ይቀመጣል፤ አቧራውም ይለጠፍበታል። በማግሥቱ በዚያው ሌንስ የአክታ ስላይድ ሲታይ ሜዳው ሁሉ ደብዛዛ አረንጓዴ ይሆናል። አንዳንዱ ዘይት ራሱ በሰማያዊ ብርሃን ይፈካል። ባለሙያው ቀለሙን ይወቅሳል፤ አውራሚኑ ተደፍቶ አዲስ ይበጠበጣል፤ የሚቀየር ነገር የለም። ከዚያ ወደ መቶው ይሄዳል።

ሌንሱን ለመመርመር ምንም መሣሪያ አይገዛም። የዓይን ሌንሱን አውጥቶ፣ ገልብጦ እንደ ማጉያ መነጽር በመያዝ የአርባውን ፊት ማየት ይበቃል። ማጽጃው ሌንስ ፔፐር ነው፤ መጀመሪያ ደረቁን አስነክቶ ዘይቱን ማስመጠጥ፣ ከዚያ አምራቹ በፈቀደው ፈሳሽ በጥቂቱ ማራስ። የቁስል ጎዝና የጋዋን ጫፍ ሌንስ ይጭራሉ፤ ሌንሱን በአልኮል መዘፍዘፍም መስታወቶቹን የያዘውን ማጣበቂያ ይፈታል።

መቶውስ ምን አጠፋ? ሒሳቡ ይናገር። የእይታ ቁጥሩ 20 በሆነ የዓይን ሌንስ፣ በሃያው የሚታየው ክብ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር ነው፤ በመቶው 0.2 ሚሊሜትር ብቻ። በቦታ ሲሰላ 25 እጥፍ ልዩነት ነው። በዚል ኔልሰን «ኔጋቲቭ» ለማለት የሚታዩት 100 ሜዳዎች በሃያው ሌንስ አራት ሜዳ ናቸው ማለት ነው። አውራሚን የተሻለ የሚይዘው በተመሳሳይ ጊዜ ብዙ ቦታ ስለሚያሳይም ነው፤ መቶውን አዙሮ ዘይት የሚጨምር ሰው ይህን ጥቅም በገዛ እጁ ይጥለዋል። ብርሃኑም በዚያች ጠባብ ክብ ላይ ስለሚከማች ቀለሙ እዚያው እየታየ ይደበዝዛል። ለትንሹ ማጉያ የሚሰጋ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ በጥቁር መደብ ላይ ራሱ የሚያበራ ነገር ከሌንሱ የመለየት አቅም ቢቀጥን እንኳ ይታያል። በሃያው ይፈለጋል፣ አጠራጣሪው በአርባው ቅርጹ ይረጋገጣል። አውራሚን ቆሻሻም ላይ ስለሚፈካ ማረጋገጫው አይቀሬ ነው።

የሌንሱ ጉዳይ በውጤት ወረቀት ላይም ይመጣል፤ ብዙም የማይወራበት ይህኛው ነው። በሃያው ሲነበብ በአንድ የስሚር ርዝመት ከ1 እስከ 29 ባሲለስ «ስካንቲ» ነው፤ 1+ የሚጀምረው ከ30 ነው። በአርባው ግን ስካንቲው 19 ላይ ያበቃል፤ 1+ ከ20 ይጀምራል። በሃያው 25 የቆጠረ ባለሙያ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የአርባው ሰንጠረዥ ከመዘነ 1+ ብሎ ይጽፋል። በዚል ኔልሰኑ ሰንጠረዥ የሚመዝንም አይጠፋም። በሽተኛው በሁለተኛው ወር ክትትል ሲመጣ ሌላ ተረኛ በሌላ ሌንስ ያየዋል፤ ቁጥሩ ወረደ ወይም ወጣ ይባላል። የተቀየረው በሽታው ይሁን ሌንሱ ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም።

«ጂንኤክስፐርት እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚል እንደሚኖር የታወቀ ነው። ቲቢን በዲኤንኤው የሚለየው ጂንኤክስፐርት ለመጀመሪያ ምርመራ የተሻለ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የሞተውን ባሲለስ ዲኤንኤም ስለሚያገኝ ሕክምና ላይ ያለን ሰው ለመከታተል አይሆንም፤ የ2ኛው፣ የ5ኛውና የ6ኛው ወር አክታ አሁንም ማይክሮስኮፕ ሥር ነው የሚገባው። ካርትሬጅ ሲያልቅ ወይም መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ቆላ ላይ ለሠራ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ለዳግም ምርመራ ስለሚሰበሰቡ ስላይዶችም አንድ ቃል። የአውራሚን ስላይድ ብርሃንና ጊዜ ያደበዝዘዋል፤ በተሠራበት ቀን፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ መነበብ፣ ከዚያም በጨለማ ሣጥን መቀመጥ አለበት። መስኮት ሥር ከርሞ ወደ ላይኛው ላብራቶሪ የደረሰ ስላይድ ፖዘቲቭነቱ ቢጠፋ አይደንቅም። አንባቢው የታች ባለሙያውን «በስሕተት ፖዘቲቭ ብሏል» ከማለቱ በፊት ስላይዱን እንደገና ቀለም ይቀባው።

እንግዲህ ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ገዢዎች ሆይ፣ በጨረታው ላይ የሃያውንና የአርባውን አፐርቸር ጻፉ፤ ለአርባው «ላልተሸፈነ ስላይድ፣ 0» ብላችሁ ጨምሩ፤ ሌንስ ፔፐርንና የማይፈካ ዘይትን እንደ ትርፍ ዕቃ አትሰርዟቸው። ለወባና ለቲቢ ሁለት ማይክሮስኮፕ ማቆም ከተቻለ እሰየው። ካልተቻለ ጠዋት ሌንሱ ንጹሕ ሳለ አክታው በፊት ይነበብ፣ ዘይት የሚነካው የወባ ስላይድ ይከተል። አሠልጣኞች ሰልጣኙን ሌንሱን አስፈትተው በጎኑ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያስነብቡት፤ ከዚያ መብራቱን ያብራ። ሱፐርቫይዘሮች ደግሞ «ማይክሮስኮፕ ይሠራል? አዎ/አይደለም» የሚለውን ሣጥን ምልክት አድርገው ከመውጣታቸው በፊት አርባውን በተገለበጠ የዓይን ሌንስ ይዩት። በቲቢ ላብራቶሪ መዝገብ ላይም ከውጤቱ አምድ ቀጥሎ አንዲት ጠባብ አምድ ትሰመር፦ በየትኛው ሌንስ እንደተነበበ፣ 20 ወይም 40።